ለሃያ ዓመት ወጣት ካቢን የማይሸጥ መርከብ

ነጋዴ ዕቃውን ለማን እንደሚሸጥ የመምረጥ መብት አለው ወይስ የለውም የሚለው ጥያቄ ከንግድ ጋር አብሮ የኖረ ነው። ገንዘቡን ይዞ ወደ መደብር የመጣ ሁሉ ደንበኛ ነው የሚሉ አሉ። ሻጭ የቤቱን ሰላምና የሌሎቹን ደንበኞች ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ ስላለበት፣ የሚያስገባውን ሰው ቢመርጥ አይነቀፍም የሚሉም አሉ። በአሁኑ ጊዜ ይህ ክርክር ጎልቶ ከሚታይባቸው የንግድ ዓይነቶች አንዱ ከአሜሪካ ወደቦች የሚነሡት የመዝናኛ መርከቦች ንግድ ነው። በዚያ ንግድ ውስጥ አንድ የ20 ዓመት ወጣት ሙሉውን ዋጋ አስቀድሞ ለመክፈል ቢዘጋጅም እንኳ፣ በትልልቆቹ ኩባንያዎች ዘንድ ለራሱና ለእኩያው አንዲት ካቢን ለመያዝ አይፈቀድለትም።

ነገሩ ለኢትዮጵያ ነጋዴ ሩቅ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን ልጆቻቸውን ወደ አሜሪካ ለትምህርት የላኩ፣ ወይም በዋሺንግተንና በአካባቢዋ፣ በሌሎችም የአሜሪካ ከተሞች የሚኖሩ ዘመዶች ያሏቸው ነጋዴዎች ብዙዎች ናቸው። ልጅ ትምህርቱን በመልካም ሲፈጽም የመርከብ ሽርሽር ቲኬት ገዝቶ መሸለምም በዚያ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። ከዚህም በላይ በዚህ የዕድሜ ደንብ ውስጥ ያለው ዋና ጥያቄ፣ ይኸውም ሰው በምን ይታመናል የሚለው፣ በመርካቶ ዱቤ የሚሰጥ ባለሱቅም በየቀኑ የሚያጋጥመው ጥያቄ ስለ ሆነ፣ ነገሩን በጥሞና መመርመር ይጠቅማል።

አስቀድሞ የንግዱን መጠን ማወቅ ያስፈልጋል። ካርኒቫል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1972 ዓ.ም. ከሚያሚ ከተማ ሥራውን የጀመረው በአንዲት አሮጌ መርከብ ነበር፤ ያችውም መርከብ በመጀመሪያው ጉዞዋ ገና ከወደቡ ሳትርቅ አሸዋ ላይ ተቀመጠች። ዛሬ ግን ሮያል ካሪቢያን የተባለው ሌላው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ዓ.ም. ሥራ ላይ ያዋላት «አይከን ኦፍ ዘ ሲዝ» የተባለችው መርከብ ብቻዋን 248,663 ግሮስ ቶን ትለካለች፤ በአንድ ካቢን ሁለት ሰው ሲታሰብ 5,610 መንገደኞች፣ አልጋዎቿ ሁሉ ሲሞሉ ደግሞ እስከ 7,600 መንገደኞች ትይዛለች። ይህ የአንዲት ትንሽ ከተማ ሕዝብ ነው። በዚች ከተማ ውስጥ ሕፃናትና ሽማግሌዎች፣ ሙሽሮችና ጡረተኞች በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ።

የዕድሜው ደንብ እንዲህ ነው። ሮያል ካሪቢያን ከሰሜን አሜሪካ ወደቦች በሚነሡት መርከቦቹ፣ በአንድ ካቢን ከሚያድሩት መካከል ቢያንስ አንዱ 21 ዓመት የሞላው እንዲሆን ይጠይቃል። ካርኒቫል ደግሞ ከ21 ዓመት በታች የሆነ መንገደኛ 25 ዓመት የሞላው ዘመድ ወይም አሳዳሪ አብሮት እንዲጓዝ ያዛል። ዕድሜ የሚቆጠረው ቲኬቱ በተገዛበት ቀን ሳይሆን መርከቡ በሚነሣበት ቀን ነው። ደንቡን ሳያሟላ ወደብ የደረሰ ሰው እንዳይሳፈር ይከለከላል፤ የከፈለውም ገንዘብ እንደማይመለስለት በውሉ ላይ ተጽፏል።

ለምሳሌ ያህል፣ አንድ ወጣት መስከረም 10 ቀን 1998 ዓ.ም. ተወለደ እንበል። ይህ ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር ሴፕቴምበር 20 ቀን 2005 ነው። መርከቡ ሴፕቴምበር 19 ቀን 2026 ቢነሣ፣ ልጁ 21ኛ ዓመቱን የሚሞላው በማግሥቱ በባሕር ላይ ሳለ ነው። ከእኩያው ጋር ሻንጣውን ይዞ ወደብ ቢደርስ ስለ አንዲት ቀን ጉድለት መርከቡ ትቶት ይሄዳል። አባቱ ለቲኬቱ፣ ለአውሮፕላኑና ለሆቴሉ ያወጣው ገንዘብም ከንቱ ይቀራል።

ለሻጩም ቢሆን ምክንያት አይታጣለትም። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1984 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ፣ የመጠጥ መግዣን ዕድሜ 21 ዓመት ያላደረገ ክፍለ ግዛት ለመንገድ ሥራ ከሚያገኘው ገንዘብ ከፊሉ እንዲቀነስበት ስለ ወሰነ፣ ክፍለ ግዛቶቹ ሁሉ ይህንኑ ዕድሜ ተቀብለዋል። ኩባንያዎቹም መንገደኞቻቸው የሚበዙት ከዚያ አገር ስለ ሆነ፣ የመጠጡን ወሰን በመርከብ ላይም ይዘውታል። በየብስ ላይ ያለ ሆቴል የሚረብሽ እንግዳ ቢመጣበት ፖሊስ ጠርቶ ያስወጣዋል፤ የመርከብ አዛዥ ግን እስከሚቀጥለው ወደብ ድረስ ሰካራሙንም ጨዋውንም በአንድነት ተሸክሞ መሄድ አለበት። በመጋቢትና በሚያዝያ የአሜሪካ ተማሪዎች ዕረፍት በሚወጡበት ጊዜ፣ በብዙ ካቢኖች ተከፋፍለው የሚገቡ ወጣቶች ሌሊቱን ሙሉ ቢጮኹ፣ ልጆቹን ይዞ የመጣ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ወደዚያ መርከብ አይመለስም። አንድ ሰው ሰክሮ ከሐዲዱ ተሻግሮ ወደ ባሕር ቢወድቅ ደግሞ ጥፋቱ በገንዘብ የሚተመን አይደለም። ይህን ሁሉ ያሰበ ነጋዴ ጥንቃቄ ቢያደርግ ሊወቀስ አይገባውም።

ሆኖም ጥንቃቄ ተገቢ ነው ማለት፣ የተመረጠው መንገድ ሁሉ ተገቢ ነው ማለት አይደለም። የ18 ዓመት ሰው በሕግ ፊት ሙሉ ሰው ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1971 ዓ.ም. በተደረገለት 26ኛው ማሻሻያ የምርጫን መብት ለ18 ዓመት ወጣት ሰጥቷል፤ ከጥቂቶቹ በቀር በክፍለ ግዛቶቹም ዘንድ ሰው ለአካለ መጠን ደረሰ የሚባለው በ18 ዓመቱ ነው። እንግሊዝም እስከዚያ ድረስ 21 የነበረውን ዕድሜ ከጥር 1 ቀን 1970 ጀምራ 18 አድርጋለች። ኢትዮጵያ ግን ከእነዚህ ሁለቱ አገሮች ቀድማ በ1952 ዓ.ም. ባወጣችው የፍትሐ ብሔር ሕግ የአካለ መጠንን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጋ እንደ ወሰነች፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግም ይህንኑ እንዳጸና ማስታወስ ይገባል። እንግዲህ የ20 ዓመት ወጣት ውል ሊዋዋል፣ ቤት ሊከራይ፣ ንግድ ሊከፍት፣ ዕዳ ሊገባና ስለ ዕዳው በፍርድ ቤት ሊጠየቅ የሚችል ሰው ነው። ኩባንያው እምቢ የሚለው ለሕፃን አይደለም፤ ሕግ ሙሉ ሰው ነው ላለው ደንበኛ ነው።

ደንቡ በራሱ ውስጥ አለመስማማት እንዳለበትም ግልጽ ነው። በካርኒቫል መርከቦች ላይ ከጥቂት መንገዶች በቀር የ18 ዓመት ወጣት ወደ ቁማር ቤቱ ገብቶ ገንዘቡን ለማጥፋት ይፈቀድለታል። እንግዲህ በዚያው መርከብ ላይ ገንዘቡን በቁማር ለመበላት የበቃ ሰው፣ በካቢን ውስጥ ያለ ጠባቂ ተኝቶ ለማደር አልበቃም ማለት ነው። ሮያል ካሪቢያን ከሳውዝሃምፕተን ወይም ከባርሴሎና በሚነሡት መርከቦቹ ደግሞ የ18 ዓመቱን ወጣት ተቀብሎ ካቢን ይሸጥለታል። የወጣት ጠባይ ወደቡ በተለወጠ ቁጥር አይለወጥም። የተለወጠው የገበያው ልማድና የመጠጡ ሕግ ብቻ ነው።

ደግሞም ከደንቡ ነጻ የሚወጡ አሉ። ባልና ሚስት ከሆኑ ሁለት የ19 ዓመት ወጣቶች የጋብቻ ማስረጃቸውን አሳይተው አንድ ካቢን ይይዛሉ። በአንዳንዶቹ ኩባንያዎች ዘንድ በጦር ሠራዊት ውስጥ የሚያገለግል ወጣትም እንዲሁ ይፈቀድለታል። ጋብቻ ሰውን ከሞግዚት ሥልጣን ነጻ ማውጣቱ በኢትዮጵያም ሕግ የታወቀ ነገር ስለ ሆነ ይህ አያስደንቅም። ነገር ግን እነዚህ ልዩ ፈቃዶች የሚያሳዩት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ኩባንያዎቹ ራሳቸው ዕድሜ ብቻውን የሰውን ጠባይ እንደማይገልጽ ማወቃቸውን ነው። ትዳርም ሆነ ወታደርነት የኃላፊነት ምልክት ሆኖ ከተቆጠረ፣ ሌላ የኃላፊነት ምልክት የማይቆጠርበት ምክንያት ምንድን ነው?

በዚህ ላይ የኢትዮጵያ ነጋዴ የሚያውቀው ነገር አለ፤ እርሱም ዋስ ነው። ከ21 ዓመት በታች የሆነው መንገደኛ ታላቅ ሰው ይዞ ይምጣ ሲባል፣ በሌላ አነጋገር ዋስ ይጥራ ማለት ነው። ዋስ መጠየቅ ነውር አይደለም። ባለሱቅ ለማያውቀው ሰው ዱቤ ሲሰጥ ዋስ ይጠይቃል፤ ባንክም ሲያበድር ዋስ ወይም መያዣ ይጠይቃል። ነገር ግን ዋስ በብዙ ዓይነት እንደሚቀርብ ነጋዴ ሁሉ ያውቃል። የሰው ዋስ አለ፤ የንብረት መያዣ አለ፤ የባንክ የዋስትና ደብዳቤም አለ። የመርከብ ኩባንያዎቹ የሚቀበሉት ግን አንዱን ዓይነት ብቻ ነው፤ ይኸውም በአካሉ መጥቶ፣ ለራሱም ቲኬት ገዝቶ የሚሳፈረውን ዋስ ነው። በቤቱ ሆኖ «ልጄ ቢያጠፋ እኔ እከፍላለሁ» ብሎ የሚፈርም አባት አይበቃም፤ በሮያል ካሪቢያን ካቢን ውስጥ ግን ትናንት 21 ዓመት የሞላው የትምህርት ቤት ጓደኛ ይበቃል። ከሁለቱ የትኛው የተሻለ ዋስ እንደ ሆነ ለነጋዴ መንገር አያስፈልግም።

ስለዚህ የሚሻለው መንገድ፣ ከ18 እስከ 20 ዓመት ያለው መንገደኛ ከቲኬቱ ዋጋ በላይ የመያዣ ገንዘብ እንዲያስቀምጥ፣ ወይም ወላጅ ወይም ሌላ የታወቀ ሰው የዋስትና ወረቀት እንዲፈርምለት ማድረግ ነው። በሰላም ሄዶ በሰላም የተመለሰ ወጣት መያዣውን ተቀብሎ ይሄዳል፤ ያጠፋው ግን ስለ ጥፋቱ ይከፍላል። ይህ ሲሆን ጨዋው ስለ ባለጌው አይቀጣም፤ ኩባንያውም ለብዙ ዓመት ሊመላለስ የሚችለውን ደንበኛ ገና በወጣትነቱ አያስቀይምም።

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሣው ከባድ ተቃውሞ የታወቀ ነው። መያዣ የተሰበረ ወንበር ያስተካክላል እንጂ የሞተ ሰው አያስነሣም፤ የኩባንያውም ዋና ፍርሃት መጠጥ ነው እንጂ ወንበር አይደለም የሚል ነው። ተቃውሞው እውነት አለበት። ይሁን እንጂ በእነዚህ መርከቦች ላይ መጠጥ የሚሸጠው በጥሬ ገንዘብ አይደለም። ለእያንዳንዱ መንገደኛ ሲሳፈር ካርድ ይሰጠዋል፤ የሚገዛው ሁሉ በዚያ ካርድ ይመዘገባል፤ ዕድሜውም በመዝገቡ ላይ ስላለ አሳላፊው ሳያይ አይሸጥለትም። የሚቀረው አደጋ ትልቁ ገዝቶ ለትንሹ ማቀበሉ ነው። ይህ አደጋ ግን የ21 ዓመት ጓደኛ በካቢኑ ውስጥ ሲገባ ይብሳል እንጂ አይቀንስም፤ ምክንያቱም የሚገዛለት ሰው ያገኘው ያን ጊዜ ነው። ሁለቱም 20 ዓመት የሆኑ ወጣቶች ብቻቸውን ቢያድሩ በካቢናቸው ውስጥ መጠጥ ለመግዛት የሚፈቀድለት ሰው አንድም የለም። እንግዲህ የካቢኑ ደንብ መጠጥን ለመከልከል የታሰበ ከሆነ፣ በዚህ በኩል አሳቡን አይፈጽምም። መጠጥን የሚከለክለው በሽያጩ ሥፍራ ያለው ቁጥጥርና፣ ለሌላ አቀብሎ የተገኘውን መንገደኛ በሚቀጥለው ወደብ ማውረዱ ነው።

ይህም አዲስ ነገር አይደለም። በአሜሪካ አውቶሞቢል የሚያከራዩ ኩባንያዎች ከ25 ዓመት በታች ለሆነ ነጂ ማከራየት ሲፈሩ ኖረዋል። ነገር ግን ብዙዎቹ በሩን ከመዝጋት ይልቅ ተጨማሪ ዋጋ ማስከፈልን መርጠዋል። በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት እንዲያውም ሕጉ ራሱ አከራዩ 18 ዓመት የሞላውን መንጃ ፈቃድ ያለውን ሰው በዕድሜው ብቻ እንዳይመልሰው፣ ስለ አደጋው ግን ተጨማሪ ዋጋ ሊጠይቀው እንደሚችል ደንግጓል። አውቶሞቢል በወጣት እጅ ከመርከብ ካቢን ይልቅ የሚያስፈራ ነገር ነው። በዚያ ላይ አደጋው በዋጋ ተለክቶ ሊሸጥ ከቻለ በካቢንም ላይ ሊደረግ ይችላል።

ደንቡ ባይለወጥ እንኳ የአነጋገሩ መንገድ መለወጥ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ1991 ዓ.ም. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በካርኒቫል ኩባንያ ላይ በቀረበ ክርክር፣ ክስ የሚቀርበው በፍሎሪዳ ብቻ ነው ተብሎ በቲኬቱ ላይ የታተመው ቃል መንገደኛውን ያስራል ሲል ፈርዷል። የቢል ኦፍ ሎዲንግ ጀርባ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ቃል ሳያነብ ፈርሞ ኋላ በጅቡቲ የተቸገረ አስመጪ የዚህን ፍርድ ትርጕም በደንብ ያውቀዋል። የታተመው ቃል በሕግ ማሰሩ አንድ ነገር ነው፤ ሻጩ ቃሉን በግልጽ አሳውቆ መሸጡ ግን ሌላ ነገር ነው። የዕድሜ ወሰን ከዋጋው ቀጥሎ፣ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት፣ በትልቅ ፊደል ሊነገር የሚገባው ነገር ነው። የልደት ቀን ሳይጠይቅ ገንዘብ የሚቀበል ወኪል ደንበኛውን አልጠበቀም፤ ደንበኛውም በወደብ ላይ ሲመለስ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ ሊባል አይገባም።

ወደ ኢትዮጵያውያን ቤተ ሰብ ስንመለስ፣ በዚህ ደንብ ምክንያት ልዩ ችግር የሚያገኛቸው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ስም ነው። በኢትዮጵያ ልማድ ልጅ በአባቱ ስም ስለሚጠራ፣ የአባትና የልጅ ፓስፖርት የመጨረሻ ስም አንድ አይሆንም፤ የእናትና የልጅም እንዲሁ ነው። ካርኒቫል 25 ዓመት የሞላው ዘመድ ይኑር ሲል፣ የቤተ ሰብ ስም አንድ መሆኑን ለማየት የለመደ ጸሐፊ በእነዚህ ሰዎች መካከል ዝምድና መኖሩን ከፓስፖርታቸው ሊረዳ አይችልም። ስለዚህ የልደት ማስረጃ ተተርጉሞና ተረጋግጦ በእጅ መያዝ አለበት። በባህል እንደ ዘመድ የሚቆጠር የክርስትና አባት ወይም የአባት ባልንጀራ ደግሞ በኩባንያው ዓይን ዘመድ ሆኖ ላይቆጠር ስለሚችል፣ ቲኬቱ ሳይገዛ በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። የኢትዮጵያ ዘመን ከፈረንጆቹ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ስለሚለይ፣ በወረቀት አዛወር ላይ ወርና ቀን የተሳሳተባቸው ሰዎች ጥቂቶች አይደሉም። መስከረም የመጀመሪያው ወር ስለ ሆነ «1» ተብሎ ቢጻፍ፣ የማያውቅ ሰው ጃንዋሪ ብሎ ያነበዋል። በሌላ ጉዳይ ላይ ጥቂት ወራት መሳሳት ቀላል ሊመስል ይችላል፤ አንዲት ቀን ብቻ ጎደለች ተብሎ ሰው በሚመለስበት ወደብ ላይ ግን ቀላል አይደለም። ሌተር ኦፍ ክሬዲት ከፍቶ የሚያውቅ ነጋዴ አንዲት ፊደል ስለ ተሳሳተች ባንክ ክፍያ እንደሚያቆም ያውቃል። የልጁን ቲኬት ሲገዛም ያንኑ ጥንቃቄ ማድረግ ይገባዋል።

በመጨረሻም ነገሩ ለአገር ውስጥ ነጋዴ የሚሰጠው ትምህርት አለ። በየመደብሩ ወጣትን አይቶ ዱቤ የሚከለክል፣ ወጣት ተከራይን የሚመልስ፣ ወጣት ወኪልን የማያምን ነጋዴ ብዙ ነው። የእርሱም ፍርሃት ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም፤ አንድ ጊዜ በአንድ ወጣት የተጎዳ ሰው ሁሉንም ቢፈራ የሰው ጠባይ ነው። ነገር ግን ዛሬ ለ20 ዓመት ወጣት የተዘጋ መደብር፣ ያ ወጣት በ30 ዓመቱ ሀብት ሲያፈራ የሚያስታውሰው መደብር ነው። ዋስ መጠየቅ፣ መያዣ መቀበል፣ በጥቂት ጀምሮ እያዩ መጨመር የነጋዴ ጥበብ ነው። የልደት ቀን ብቻ ተመልክቶ መመለስ ግን ሰውን ሳይመረምሩ መፍረድ ነው።

የመርከብ ኩባንያዎቹ ደንባቸውን ዛሬውኑ ይለውጣሉ ተብሎ አይጠበቅም። እስከዚያው ድረስ ለልጁ ቲኬት የሚገዛ ሁሉ ሦስት ነገር ያድርግ። መርከቡ የሚነሣበትን ቀን ከልጁ ልደት ጋር ያስተያይ፤ ስለ ዕድሜና ስለ ዝምድና ከወኪሉ በጽሑፍ መልስ ይቀበል፤ የልጁንም ወረቀት ከፓስፖርቱ ጋር አስማምቶ ያዘጋጅ። እነዚህን ሦስቱን ያሟላ ሰው ልጁ ከመርከቡ ደጃፍ እንዳይመለስበት አስቀድሞ ይጠነቀቃል።